በኤርብረሽ የሰጠሁት ብርሃን ቀለም ሲደረብበት የት ይገባል?

ትናንሽ የጨዋታ ወታደሮችን በምንቀባ ሰዎች መድረክ ላይ ስለ ኤርብረሽ (ቀለም በአየር ስለሚነፋ ትንሽ መሣሪያ) የከፈትኩት ክር፣ ማለትም የውይይት ሰንሰለት፣ በጣም ስለረዘመ፣ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው የተባለውን በራሴ አባባል አሳጥሬ አስቀምጣለሁ። ቁጥሮቹ የምላሾቹ ናቸው። የማንንም ስም አልጠራሁም፤ እዚህ እንደሆነ አብዛኞቻችን የምንተዋወቀው በቅጽል ስም ነው። መሃል መሃል የራሴን አስተያየት ጣል ባደርግ አትቆጡኝ፤ ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

የመክፈቻው ልጥፍ

ዋርሃመር 40,000 የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ትናንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች እቀባለሁ፤ ስፔስ ማሪን የሚባሉትን፣ ጥሩር የለበሱትን። መጀመሪያ ጥቁር ፕራይመር፣ ሌላው ቀለም እንዲይዝ ከሥር የሚቀባውን፣ ሙሉ በሙሉ አለብሳቸዋለሁ። ከዚያ ኤርብረሹን 45 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጌ ዙሪያውን ግራጫ እነፋለሁ። በመጨረሻ ከአናት ቀጥ አድርጌ ነጭ። ዜኒታል የሚሉት ዘዴ ይኸው ነው። ፀሐይ አናት ላይ ብትሆን የምታበራው ቦታ ሁሉ ይነጣል። ብብት፣ ቀበቶ ስር፣ የጉልበት ጀርባ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። እዚህ ላይ ምስሉ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። እዚሁ አቁመው አቁመው ያሰኛል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ሰማያዊውን መደብ በብሩሽ ሁለት ዙር ስደርብበት ያ ሁሉ ጥላና ብርሃን ድራሹ ይጠፋል። ታዲያ ኤርብረሽ ማጠቡ፣ ኮምፕሬሰር ማስጮሁ፣ ጎረቤት ማስቀየሙ ለምን? ከመጀመሪያው ግራጫ ፕራይመር ነፍቼ በብሩሽ ብቀጥል ምን ይጎድለኛል? ጥያቄዬ ይህ ነበር።

ምላሽ 1

ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚጽፍ፣ ሁልጊዜ ሰላምታ የሚያስቀድም ሰው ነው። መልሱን በጥያቄ ጀመረ፤ የደረብኩት የትኛውን ቀለም እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ሲታዴል የሚባለው የቀለም ብራንድ ቀለሞቹን እ.ኤ.አ. በ2012 ቤዝ፣ ሌየርና ሼድ ብሎ ከከፈላቸው ወዲህ፣ ቤዝ የሚባለው ሆን ተብሎ እንዲሸፍን የተሠራ መሆኑን አስረዳ። ሥራው ከሥሩ ያለውን መደበቅ ነውና ደበቀ ብሎ መክሰስ አይገባም አለ። ከዜኒታል በላይ የሚመጣው ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር መሆን አለበት። ወይ በ2019 የወጣው ኮንትራስት፣ ወይ ኢንክ፣ ወይ በጣም ቀጥኖ በስሱ የሚደረብ ግሌዝ። በጨዋ ደንብ የተጻፈ፣ ነገሩን ከሥሩ የያዘ መልስ ነው።

ምላሽ 2

በ1 ተስማማ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ጨመረ። ኮንትራስት ጨርቅ፣ ጸጉርና ቆዳ ላይ ተአምር ይሠራል፤ እጥፋቱ ውስጥ ጠቁሮ፣ ከፍ ያለው ላይ ሳስቶ ይቀመጣል። ሰፊና ለስላሳ ቦታ ላይ ግን፣ ለምሳሌ የስፔስ ማሪን ትከሻ ላይ፣ ይጠራቀምና ሲደርቅ ዳር ዳሩን ነጠብጣብ ይተዋል። ስለዚህ ለእኔ ወታደሮች በብሩሽ እንዳልጠቀምበት፣ ከፈለግኩም በኤርብረሽ በስሱ እንድነፋው መከረ። ይህን ሞክሬዋለሁ፤ ልክ ነው።

ምላሽ 3

ፎቶ ለጥፍ አለኝ። ለጠፍኩ።

ምላሽ 4

ከለንደን ነው። ፎቶውን አይቶ ጉዳዩ ከቀለሙ ዓይነት በፊት ከቀለሙ ባሕርይ እንደሚጀምር ጻፈ። ቀይና ቢጫ በተፈጥሯቸው ሽፋናቸው ደካማ ነው። ከሥራቸው ጥላ ካለ ይታያል፤ ባትፈልገውም ይታያል። ሰማያዊ ግን፣ በተለይ ነጭ የተደባለቀበት ከሆነ፣ ምንም አያሳልፍም። ነጩ ከቲታኒየም የሚሠራ ነውና ቀለም ውስጥ ሲገባ እንደ ግድግዳ ይሸፍናል። በመቀጠልም ቢጫ የሚቀቡ ሰዎች በጥቁር ላይ እንዳይጀምሩ መከረ፤ አረንጓዴ ይሆንባቸዋል። ከቢጫና ከቀይ በፊት ሮዝ መንፋት እንደሚበጅ አከለ። ከጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ግን ጠቅሞኛል።

ምላሽ 5

እዚህ ላይ ነገር መክረር ጀመረ። ጸሐፊው ከእስራኤል ነው፤ በእጁ ብቻ የሚሠራ። ኤርብረሽ መቀባት እንዳልሆነ፣ ማሽን ይዞ መንፋት እንደሆነ በድፍረት አስቀመጠ። የእኔም ችግር የዜኒታል ሳይሆን የትዕግሥት ማጣት እንደሆነ ፈረደ። አነጋገሩ ኮምጠጥ ያለ ነው። ቀጥሎ የጻፈው ግን ከክሩ ሁሉ ምርጥ ከሆኑት አንዱ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ስለ ጠርዝ ሃይላይት፣ ጠርዝን በፈካ ቀለም ስለማብራት ነው። ዋርሃመርን የሚሠራው የኖቲንግሃሙ ጌምስ ወርክሾፕ በሳጥኖቹ ላይ የሚያሳየን ወታደር ሁሉ ጠርዝ ጠርዙ በቀጭን ብሩህ መስመር የተከበበ ነው። ያ መስመር በኤርብረሽ አይመጣም። ዘዴው እንዲህ ነው። ብሩሹን ቀለም ታስነካለህ። ወረቀት ላይ ግማሹን ታራግፋለህ። ከዚያ በጫፉ ሳይሆን በጫፉ ጎን፣ የጥሩሩን ጠርዝ እየደገፍክ ትስባለህ። ጠርዙ ራሱ ብሩሹን ይመራዋል፤ እጅህ ቢንቀጠቀጥ እንኳን ቀለሙ ወደ ሜዳው አይገባም። የመጀመሪያው መስመር ከመደቡ ትንሽ ብቻ ደመቅ ያለ፣ ወፈር ያለ ይሆናል። ሁለተኛው በላዩ፣ ይበልጥ ፈካ ያለና የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል የቀጠነ። ሦስተኛው መስመር አይደለም፤ ሁለት ጠርዝ በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ የሚቀመጥ ነጥብ ነው። የራስ ቁሩ ግንባር፣ የጉልበቱ ጫፍ፣ የጣቶቹ አንጓ።

ስለ ብሩሽም ተናገረ። ጀማሪ ሁሉ ሦስት ዜሮ ቁጥር ይገዛል፤ ትንሽ ነገር በትንሽ ብሩሽ የሚቀባ ይመስለዋል። ያ ብሩሽ ቀለም የሚይዝበት ሆድ ስለሌለው ምስሉ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። ቁጥር 1 ወይም 2 ሆኖ ጫፉ የሾለ ይበልጣል። የሚያደንቀው የብሩሽ ሠሪውን የዊንዘር ኤንድ ኒውተንን ሲሪስ 7 ነው። በ1866 ለንግሥት ቪክቶሪያ የውሃ ቀለም ሥዕል ተብሎ የተሠራ ብሩሽ እንደሆነ፣ ስሙም ንግሥቲቱ ከምትወደው ቁጥር 7 የመጣ እንደሆነ ነገረን። እውነት ነው። ለእኛ ኪስ ግን ንጉሣዊ ዋጋ ነው።

ምላሽ 6

ከቺካጎ ነው፤ የ5ን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያነበበ ይመስላል። ኤርብረሽ ከፕላስቲክ ወታደር በብዙ አስርት ዓመታት እንደሚበልጥ ታሪክ ጠቅሶ ሞገተ። አብነር ፒለር የሚባል አሜሪካዊ የመጀመሪያውን የሠራው በ1870ዎቹ መጨረሻ ነው። ቻርልስ በርዲክ ደግሞ በ1890ዎቹ አሻሻለው፤ ዛሬ የምንይዘው ቀለምና አየር ውስጡ የሚቀላቀልበት ዓይነት የመጣው ከእሱ ነው። የፎቶ ቤት ሰዎች ፎቶ ለማስዋብ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እንግዲህ እነሱም አይቀቡም ነበር ወይ ብሎ ወጋ አደረገው። ታሪኩ ትክክል ነው። ለጥያቄዬ ግን ጠብ የሚል ነገር የለውም።

ምላሽ 7 እና 8

5 ተመልሶ መጣ። ያረጀ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው የተባለ እንደሆነ ምንሽርም የወታደር መሣሪያ ነው ብሎ ተሳለቀ። 6 ወዲያው መለሰ፤ መልሱን እዚህ አልደግመውም። ስለ እናት አገር፣ ስለ ማን የት እንዳደገ ሁሉ ተነሳ።

ምላሽ 9

የመድረኩ ኃላፊ ውሃ ቸለሰበት። ሁለቱንም ወንድሞቼ ብሎ ጠርቶ፣ የሚቀጥለው ስድብ እንደሚሰረዝ በትህትና አሳሰበ።

ምላሽ 10

ነገርን ነገር ያነሳዋል። 6 የፎቶ ቤት ሲል ከካናዳ የሚጽፍ ሰው አባቱ ትዝ አሉት። አባቱ ፒያሳ ፎቶ ቤት ሪታች ያደርጉ፣ ማለትም የታጠበ ፎቶ በእጅ ያስውቡ ነበር። ኤርብረሽ አልነበራቸውም፤ እርሳስና ቀጭን ብሩሽ ብቻ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ የሙሽራዋን ጉንጭ ያቀሉ፣ የአንገት ሐብሏን ይለብጡ ነበር። ከሐብሉ ዶቃዎች መካከል የሚያበሩት የትኞቹ እንደሆኑ የሚመርጡት የስቱዲዮው መብራት በየት በኩል እንደነበር አይተው ነው። ፎቶው ላይ ጥላው በግራ ከሆነ ብርሃኑ በቀኝ። ሁሉንም ዶቃ ያበራ ልጅ ካለ ሥራውን ያስደግሙት ነበር። ከርዕስ የወጣ ቢመስልም፣ እኔ ከዚህ በላይ ስለ ሃይላይት የተማርኩበት ምላሽ የለም። የ5ን ዘዴ የሚከተሉ ብዙዎች ጠርዝን ሁሉ፣ ከታች ያለውንም፣ እኩል ያበሩታል። ያኔ ወታደሩ ብርሃን ያረፈበት ሳይሆን በኖራ የተሰመረ ይሆናል።

ምላሽ 11

ከዴንቨር የምትጽፍ እህት ናት። ስለ ዜኒታል ሳይሆን ስለ ራሷ ጣጣ ጠየቀች። ኤርብረሿ ጥቂት ነፍቶ ይቆማል። ከዚያ በድንገት ይተፋል። ወታደሩ ፊት ላይ ነጠብጣብ ይረጫል። አፍንጫውን 0.2 ሚሊሜትር ከሆነው ወደ 0.4 ቀይራዋለች፤ ትንሽ ተሻለ እንጂ አልጠፋም። ልትሸጠው ነው።

ምላሽ 12

እንዳትሸጪው ብሎ የመጣው የዲሲው ሰው ነው፣ 1። በሽታው ቀለም መርፌው ጫፍ ላይ መድረቁ እንደሆነ ነገራት። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ አየሯ ደረቅ የሆነ ከተማ ናት። አክሪሊክ በሚባለው በውሃ በሚቀጥነው ቀለማችን ውስጥ ያለው ውሃ እዚያ ቶሎ ይተናል። መፍትሔውም ከአንድ በላይ ነው። ቀለሙ ውስጥ መድረቁን የሚያዘገይ ሪታርደር ወይም ፍሎው ኢምፕሩቨር ጠብ ማድረግ። አጠገብ እርጥብ ብሩሽ ማስቀመጥና በየመሃሉ የመርፌውን ጫፍ መጥረግ። ለነጩ ደግሞ ወፍራም ቀለም ትቶ ነጭ አክሪሊክ ኢንክ መጠቀም፤ ዱቄቱ ደቃቅ ስለሆነ እምብዛም አይዘጋም። በመጨረሻም የጣት ሥርዓት። መጀመሪያ ተጫን፣ አየር ይውጣ። ቀጥለህ ወደ ኋላ ሳብ፣ ቀለም ይምጣ። ስትጨርስ ቀለሙን መልስ፣ አየሩን በመጨረሻ ልቀቅ። አየሩን ቀድሞ የሚለቅ ሰው መርፌው ላይ ጠብታ ትቶ ነው የሚሄደው፤ የሚቀጥለው ትፋት ያ ጠብታ ነው።

ምላሽ 13 እና 14

13 ቀለሙ እንደ ወተት እስኪሆን ይቅጠን አለ። ሁሉም ቦታ የሚባል ነገር ነው። 14 የቱ ወተት እንደሆነ ጠየቀ፤ ከላሟ የመጣው፣ ከሱቅ የሚገዛው ወይስ ሻይ ቤት የሚቀርበው። ሳቅን። ቢሆንም ጥያቄው ከልብ የሚጠየቅ ነው። ኩባያው ግድግዳ ላይ ስታስነካው ፊልም ትቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ በቂ ነው ብሎ ራሱ መለሰ።

ምላሽ 15

ከአዲስ አበባ ነው። ዴንቨር ደረቅ ከሆነች እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለነው ምን እንበል ብሎ ጀመረ። ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ግፊቱን ከሚባለው 20 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ወደ 30 ማሳደግ የግድ ነው ብሎም ደመደመ።

ምላሽ 16

ይህን የሚያርመው ሰው መሐንዲስ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። የኮምፕሬሰሩ መለኪያ የሚያነበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ስለዚህ 20 አዲስ አበባም 20 ነው። ከፍታ የሚለውጠው ሌላ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ታንኩ ለመሙላት ይዘገያል። ግፊቱን ያለ ምክንያት ማሳደግ ቀለሙ ወታደሩ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ እንዲደርቅ ያደርገዋል። ያኔ ሜዳው እንደ አሸዋ ይሻክራል። ደረቅ አየር ካስቸገረ ወደ 15 ዝቅ ብሎ፣ ቀለሙን አቅጥኖ፣ ከ3 ሳንቲሜትር ገደማ መንፋት እንደሚሻል ነገረው። 15 አመስግኖ ተቀበለ። እንዲህ ዓይነት ጨዋነት እዚህ ብርቅ ነው።

ምላሽ 17

ከዱባይ የሚጽፈው ልጅ እኛ በደረቅ ስናማርር እሱ በውሃ ተማሯል። በሙቀቱ ወራት አየሩ እርጥብ ስለሆነ፣ የተጨመቀው አየር ጎማው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይቋጥራል። በድንገት ቀለሙ መሃል የውሃ ጠብታ ይወረወራል። ውሃ መያዣ ፊልተሩን ከኮምፕሬሰሩ ላይ ብቻ ሳይሆን እጀታው አጠገብም መግጠሙ እንደጠቀመው ጻፈ። ታንኩን ከሥሩ ከፍቶ ማፍሰስንም እንዳይረሱ አሳሰበ። በቆርቆሮ ስፕሬይ ፕራይመር መንፋት ግን በዚያ ወቅት ጨርሶ ትቷል።

ምላሽ 18

ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ስም ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ያለው የመኪና ቀለም ቀቢ። ልጁ እነዚህን ወታደሮች ከውጭ ዘመድ ልኮለት እንደሚቀባ፣ ክሩን ያሳየው እሱ እንደሆነ ገለጸ። በእኛ ጭቅጭቅ ትንሽ የተገረመ ይመስላል። ከሥራው ሁለት ነገር አካፈለ።

አንደኛው፣ መንፋት የሚጀመረው ከበሩ ላይ ሳይሆን ከበሩ ውጭ ነው። እጅ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ቀለሙ ይከፈታል፣ በሩን አቋርጦ ያልፋል፣ ከዚያ ወዲያ ይዘጋል። በሩ ላይ የጀመረና በሩ ላይ የቆመ ሁለት ቦታ ያወፍራል። እኛ በትንሿ ወታደር ላይ የምናየው የሸረሪት እግር የሚመስል ፍሳሽ ከየት እንደሚመጣ አሁን ገባኝ። ሁለተኛው፣ አንድ ዙር ሲያልፍ የሚቀጥለው ግማሹን መደረብ አለበት። የመጀመሪያው ዙር ጉም ብቻ ነው፤ ሥሩ ይታያል፤ ሊታይም ይገባል። ችኩል ሰው ያኔውኑ እንዲሸፍን ይፈልጋል፤ ቀለሙም ይወርድበታል። ጥያቄዬንም አልዘለለው። መኪና ላይ ፐርል የሚባለው የሚያብረቀርቅ፣ ሥሩን የሚያሳይ ቀለም ሲነፋ ከሥሩ ያለው መደብ ካልታየ ገንዘቡ እንደጠፋ ይቆጠራል። ስለዚህ ከላይ የሚመጣውን ሳያውቅ ከሥር የሚቀባ ሰው የለም።

ምላሽ 19 እስከ 21

ሦስቱም አመሰገኑ። 18 በሥራው ላይ ከአርባ ዓመት በላይ እንደቆየ በመሃል ሲጠቅስ አንተ ያሉት ሁሉ እርስዎ ማለት ጀመሩ። 5 እንኳን ጋሼ ብሎ ስለ ኮምፕሬሰር ጠየቃቸው። የመኪናውን ትልቅ ኮምፕሬሰር ለልጃቸው ኤርብረሽ በመቆጣጠሪያ እየቀነሱ እንደሚያገናኙለት፣ ዘይቱን የሚይዝ ፊልተር ግን የግድ እንደሆነ መለሱለት።

ምላሽ 22

ወደ ጥያቄዬ በቀጥታ የተመለሰው ይህ ነው። ከስቶክሆልም የምትጽፍ፣ ለውድድር የምትቀባ ሴት። ዜኒታልን በጥቁር፣ ግራጫና ነጭ ብቻ ማሰብ እንደማያስፈልግ አሳየች። ብርሃኑን በመደቡ ቀለም ራሱ መስጠት ይቻላል። ለሰማያዊ ወታደር መጀመሪያ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ሙሉ ለሙሉ ይነፋል። ቀጥሎ ከ45 ዲግሪ እውነተኛው ሰማያዊ። ከአናት ደግሞ ፈካ ያለው። ከሥር ወደ ላይ ጥቂት ወይን ጠጅ ከተነፋ ጥላው ይሞቃል። ያን ጊዜ ከላይ የሚደረብ መደብ የለም፤ የሚጠፋም ብርሃን የለም። ቀጥታ ወደ ጠርዝ መሥራት ነው። ኢንፊኒቲ የሚባለውን ጨዋታ ለሚሠራው የስፔኑ ኮርቨስ ቤሊ ሲቀባ የቆየው አንሄል ሂራልዴስ በኤርብረሽ እንዲህ ያለ ሥራ በመሥራት የታወቀ መሆኑን አነሳች። በ28 ሚሊሜትር ምስል ላይ የትከሻው ሽግግር ያለ አንዳች መስመር ሲፈስ ማየት ለፈለገ የእሱን ሥራዎች ይመልከት አለች።

ነጭ ጨምሮ ማፍካትን ግን ተቃወመች። ሰማያዊ ላይ ነጭ ሲበዛ ኖራ ይመስላል። ወደ ውሃ ሰማያዊ ወይም ወደ ግራጫ ሰማያዊ መሄድ ይሻላል። ቀይን በነጭ ያፈካ ሮዝ ወታደር ያገኛል፤ በብርቱካናማ ከሆነም በልክ፣ በቆዳ ቀለም ማፍካትም አለ። ጥቁር ልብስ ደግሞ ትንሽ ብቻ ይፈልጋል፤ ሃይላይቱ ከበዛ ጥቁርነቱ ቀርቶ ግራጫ ልብስ ይሆናል።

ምላሽ 23

የለንደኑ 4 ተመልሶ መጣ። 22 ሁሉን ያለች ቢሆንም ጥቁርና ነጩን ዜኒታል እንዳልጥለው ጠየቀ። ምክንያቱ ደስ ይላል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ላይ የክፍላችን መብራት በቂ ጥላ አይፈጥርም። የእውነተኛ ሰው አገጭ አንገቱ ላይ የሚጥለው ጥላ፣ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ቁመት ባለው ወታደር ላይ ሲሆን ዓይን አይቆጥረውም። ጥላውን የምንቀባው ብርሃን ከምስሉ ጋር ስለማያንስ ነው። ጥቁርና ነጩ ዜኒታል ጥላው የት መሆን እንዳለበት ያሳየናል። መደቡ ቢሸፍነው እንኳን ከመሸፈኑ በፊት በስልክ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ፎቶ ይነሳ። በብሩሽ ስንሠራ ያን እያየን ብርሃኑን መልሰን እናስቀምጣለን። አንዱን ወታደር እንዲህ ከሠራን የቀሩትን ፎቶ ሳናነሳ እናውቃቸዋለን።

ምላሽ 24

5 ነው። በ22 እና 23 ላይ የሚከራከርበት እንደሌለው፣ ይሁንና በመጨረሻ ጠርዙ ላይ በእጅ የማይሠራ ሰው ሥራው ከርቀት ጥሩ፣ ከቅርብ ጭጋግ እንደሚሆን አስረግጦ ጻፈ። ከዚህ ምላሽ ጋር እስማማለሁ። ኤርብረሽ ሽግግር ይሰጣል፤ ጠርዝ አይሰጥም። 6 አውራ ጣት ሰጠው። ሰላም ወረደ ለማለት ግን አልቸኩልም።

ምላሽ 25 እና 26

25 ነርስ ናት፤ እስካሁን ስለ ሳንባ ማንም አለመጻፉ አሳዝኗታል። አክሪሊኩ በውሃ የሚቀጥን መሆኑ የሚተነፈስ አያደርገውም። ደቃቁ ብናኝ ጥልቅ ይገባል። የቀዶ ሕክምና ማስክ ከዳር ዳሩ ስለሚያስገባ አይበቃም። አሜሪካ ያለ ፒ100፣ አውሮፓ ያለ ፒ3 ፊልተር ያለው ማስክ ይያዝ። በላከር ቲነር፣ ሽታው ኃይለኛ በሆነው የቀለም ማቅጠኛ፣ የሚሠራ ደግሞ ለትነቱ የተለየ ፊልተር ያስፈልገዋል። ካድሚየም ያለበት ቀለም ጨርሶ አይነፋ። ቀለም የሚነፋበት ሳጥን አየሩን በቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣ እንጂ እዚያው ክፍል ውስጥ አያሽከርክር። 26 ጺም ያለው ሰው ምን ያድርግ ብሎ ጠየቀ። ማስኩ ፊት ላይ ካልገጠመ ሥራ እንደማይሠራ፣ ምርጫው የራሱ እንደሆነ መለሰችለት። ቆፍጣና ሴት ናት።

ምላሽ 27

ከርዕስ ወጣን። ለገና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ለወንድሙ ልጅ ቆርቆሮ ስፕሬይ ፕራይመር ሊይዝ ነበር። በእጅም በጭነትም እንደማይፈቀድ፣ ተቀጣጣይ ስለሆነ ኤርፖርት ላይ እንደሚወሰድበት 1 ነገረው። ባለጠብታው ጠርሙስ አክሪሊክ ግን ችግር የለውም። ቫሌሆ የሚባለው ብራንድ ፕራይመር በኤርብረሽም በብሩሽም ስለሚቀባ ያንን ይያዝ ተባለ።

ምላሽ 28 እና 29

28 የ10ን የፎቶ ቤት ወግ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወሰደው። በሁለተኛው የጎንደር ዘመን አሣሣል ፊቶች በጥላ ቅርጽ ይይዛሉ፤ ጣና ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ለዚህ ምስክር ናት። ከዚያ በፊት የነበረው አሣሣል ጠፍጣፋ ቀለም ነው። ሃይላይት አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው። 29 ቅዱሳንን ከጨዋታ ወታደር ጋር ማነጻጸር ነውር ነው ብሎ ተቆጣ። ሁለቱ ለአንድ ቀን ተነታረኩ። ኃላፊው ምላሾቹን ወደ ሌላ ክር አዛወራቸው።

ምላሽ 30

ተማሪ ነው፤ ኤርብረሽ መግዣ የለውም። በጥቁር ፕራይመር ላይ ግራጫ፣ ከዚያ ነጭ በደረቅ ብሩሽ እየጠረገ፣ በላዩ ኮንትራስት ያለብሳል። ይህን በኤርብረሽ ፋንታ መቁጠር ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። 22 በደንብ ይቻላል አለችው። ልዩነቱንም ነገረችው። ደረቅ ብሩሽ ከፍ ያለውን ነገር ሁሉ ያነጣል፤ ከሥር ያለውንም። ኤርብረሽ ግን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ብሩሹን ከላይ ወደ ታች ብቻ ይጥረግ፤ ወደ ላይ አይመልሰው።

ምላሽ 31 እና 32

31 ሁሉ ካለቀ በኋላ ቀለሙን የሚጠብቀው ቫርኒሽ እንዳይረሳ፣ ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽም በኤርብረሽ በስሱ ሁለትና ሦስት ዙር እንዲነፋ መከረ። 32 ማቱ ብርሃኑን በትንሹ እንደሚያደበዝዝ፣ ስለዚህ ጠርዙን ከመጨረሻው ልክ አንድ ደረጃ አብርቶ መተው እንደሚያስፈልግ አከለ። የራስ ቁሩ ዓይኖች ላይ ግን በብሩሽ ጠብታ ግሎስ (የሚያብረቀርቅ) ቫርኒሽ ይቀመጥ፤ የክፍሉ መብራት ራሱ ያበራቸዋል።

ምላሽ 33

የዴንቨሯ እህት ናት። ሪታርደሩ ሠርቶላታል። አሁን ያለ ብረት ቀለም ብረት ማስመሰል ፈልጋ ጠየቀች። ኃላፊው አዲስ ክር ከፍቶላታል፤ የሰይፍና የጋሻ ጥያቄ ያላችሁ እዚያ ጻፉ። 22 ጀምራለች።